እትዬ አስካለን የዘለልኩ ዕለት

እኔ ስልክ ሲጠራ «ሄሎ» ከማለቴ በፊት «ማን ሞተ?» ብዬ የማስብ ሰው ነኝ። ዳይሬክተሩ «ከክላስ በኋላ ቢሮ ብቅ በል እስቲ» ካለኝ፣ ያን ቀን የማስተምረው ትምህርት የስንብት ንግግር ይመስላል። እናቴ «ይሄ ልጅ ሲወለድም ያለቀሰው አስቦበት ነው» ትል ነበር። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ይባል የለ? እኔ ላይ የደረሰው ግን ፈርቼው የማላውቅ ነገር ነው፤ ይሄ ነው የሚያናድደኝ። ስንቱን ስፈራ ኖሬ ኖሬ፣ ሳልፈራው የቀረሁት አንድ ነገር ቢኖር ሳምፕል ነበር።

ሳምፕል ስል ናሙና ማለቴ ነው። ካዛንቺስ በኩል ባለ አንድ ትምህርት ቤት የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። የምኖረው ደግሞ ቂርቆስ፣ ከእትዬ አስካለ ቤት ጀርባ በተቀጠለች አንዲት ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አልጋዬ ላይ እንደተቀመጥኩ በር መክፈት፣ መስኮት መዝጋትና ሻይ ማፍላት እችላለሁ። ግን እወዳታለሁ። በዚህ ዘመን፣ መሀል ከተማ ላይ፣ በእግር ሥራ የሚያደርስ ክፍል! ያገኘኋት በጸሎት ነው፤ ላጣት የምችለው ግን በአከራዬ አንድ ቃል ነው። ስለዚህ እትዬ አስካለ ጠዋት ፊታቸውን ቅጭም ካደረጉ ለእኔ ምሳ አይወርድልኝም።

እትዬ አስካለ ስልሳን ተሻግረዋል። የእድራችን ዋና ወጥ ሠሪ ናቸው፤ ድንኳን በተተከለ ቁጥር ትልልቁ ድስት የሚጣደውም የሚወጣውም በእሳቸው ትእዛዝ ነው። ቁጡም ደግም ናቸው፤ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ይችሉበታል፦ «አንተ ቀጫጫ፣ ና ብላ!» ደግሞ ሦስት ዓመት እሳቸው ጋ ስኖር አንድ ቀን እንኳ ውሃ አጥቼ አላውቅም። ማለዳ በሬን ስከፍት ቢጫዋ ጀሪካን ሞልታ ደጃፌ ላይ ናት። እንግዲህ ከሳምፕል ሌላ ያልተጨነቅኩበት ነገር ቢኖር ውሃ ነበር።

በዚያው ግቢ፣ በሩ ጥግ ባለችው የመጀመሪያ ቤት፣ እትዬ ብርቄ ይኖራሉ። እሳቸውና እትዬ አስካለ አይነጋገሩም። እኔ ሰፈሩን ሳላውቀው በፊት፣ አንድ ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ እትዬ ብርቄ ከትልቁ ድስት አፍ ላይ በጭልፋ ጠብ አድርገው መዳፋቸውን ይልሱና ድንኳን ሙሉ ሰው እየሰማ «ውይ! ጨው በዝቶበታል!» ይላሉ። በቃ። ሰው ሀብት ተካፍሎ የማይጣላውን ያህል ተጣሉ። አራት ዓመት ሙሉ አንዷ ስትገባ ሌላዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ግድግዳው እስካሁን ምንም አላለም።

ወደ ክፍል እንሂድ። ዳይሬክተሩ «ትምህርቱ ተግባር ተኮር ይሁን፣ ሰሌዳ ላይ ብቻ አትንጠልጠል» ብሎኝ ስለነበር፣ ስለ ፖፑሌሽንና ስለ ሳምፕል የማስተምር ቀን ከወትሮው ቀድሜ ተነሳሁ። በምሳሌ ጀመርኩ።

«እናታችሁ ወጥ ስትሠራ፣ ጨው መስተካከሉን ለማወቅ ድስቱን በሙሉ ትጠጣዋለች?»

«አትጠጣም!» አሉ አርባ ስምንቱም።

«ታዲያ ምን ታደርጋለች?»

«መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትልሳለች!»

«ይኸውላችሁ! ድስቱ በሙሉ ፖፑሌሽን ነው። መዳፏ ላይ ያለችው ጠብታ ሳምፕል ናት። ጠብታዋ ድስቱን ትወክላለች ማለት ነው።» ራሴን ወደድኩት። እንዲህ ያለ ምሳሌ በዓመት አንዴ ነው የሚመጣልኝ።

ከመካከለኛው ረድፍ አንዲት ጣት ወጣች። ሜሮን ናት። ሜሮን የምትባል ተማሪ አለችኝ፤ ጥያቄዋን ስትጠይቅ መልሱን አስቀድማ የምታውቅ ይመስለኛል፣ ስለዚህ እጇን ባወጣች ቁጥር ሰዓቴን አያለሁ።

«ቲቸር፣ ካልተማሰለስ?»

«ምኑ?»

«ወጡ ነዋ። ጨው ጨምራ ሳታማስል ከቀመሰችስ?»

«እ... እሱ ሌላ ምዕራፍ ላይ ይመጣል» አልኳት። የትኛውም ምዕራፍ ላይ አይመጣም። ከእሷ ዓይን ለማምለጥ ወደ ሰሌዳው ዞርኩና ያልነበረ አቧራ ጠረግኩ።

ከዚያ ተግባሩን ሰጠኋቸው። እኔ የምኖርበት ቅያስ ውስጥ ስልሳ ቤት አለ። «ሁሉንም አንጠይቅም። ከአምስት ቤት አንዱን ብቻ እንጠይቃለን። አሥራ ሁለት ቤት፣ አሥራ ሁለት ቡድን። ጥያቄው አንድ ነው፦ በሳምንት ስንት ቀን ውሃ ይመጣላችኋል? ከስንተኛው ቤት እንደምትጀምሩ ዕጣ እንጥላለን።» ጣልን፤ አንድ ወጣ። አንደኛው፣ ስድስተኛው፣ አሥራ አንደኛው እያሉ ይሄዳሉ። «ሌሎቹን ዝለሉ። ቢለምኗችሁም ዝለሉ። ሳምፕል ማለት ዲሲፕሊን ነው» አልኩ፤ እኔ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚቀድመኝን ሰው «ይቅርታ» የምለው ሰውዬ።

ቆጠራው እንዳይጠፋባቸው የተጠየቀው ቤት በር ላይ ትንሽ ምልክት እንዲያደርጉ ነገርኳቸው። ነጭ ጠመኔ ካለቀ ሰንብቷል። ቀይ ግን ነበረን፤ ሰሌዳ ላይ ስለማይታይ ማንም አይነካውም። «ቀዩን ያዙ» አልኳቸው።

እስቲ አሁን ትንሽ ቆም በሉልኝ። አዲስ አበባ ነው ያለነው። ቤት የሚፈርስ ከሆነ በሩ ወይ ግድግዳው ላይ አስቀድሞ ቀይ ቀለም እንደሚቀባ፣ ጥርሱን ያልጨረሰ ሕፃን ያውቃል። እኔ ራሴ ወደ ሥራ ስሄድ በየቀኑ የማልፈው የፈረሰው የካዛንቺስ ሰፈር ጎን ነው። ሰው የሚጠላው ቀለም ቢኖር ያ ነው። እኔ ደግሞ አርባ ስምንት ልጆች፣ ወረቀትና ቀይ ጠመኔ አስይዤ፣ በሰፈሬ በር ላይ ምልክት እንዲያደርጉ ላክሁ። ልቤ አንድ ጊዜ እንኳ ድንግጥ አላለም። ለማያስፈራው ሁሉ የሚደልቅ ልብ፣ ያን ቀን ተኝቶ ነበር።

ደብተር ሳርም ቆይቼ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ቤት ስመለስ፣ ቅያሱ አፍ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ማን ሞተ? አልኩ በልቤ። ቀረብ ስል አንዲት ሴት የቆርቆሮ በሯን በሳሙናና በገል ትፈትጋለች። ጎረቤቷ ከላይ በጆግ ውሃ ታፈስላታለች። ሰሞኑን ውሃ ጠፍቷል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ያጠራቀሙትን ነው የሚደፉት።

የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ተፈራ አዩኝና በከዘራቸው ጠሩኝ። «ና እስቲ መምህር። አንተ የተማርክ ሰው ነህ። ይሄ ምንድነው?»

ቀዩ ምልክት ነው። በሚያምር ሁኔታ፣ ክብ ተደርጎ፣ መሀሉ ላይ «1» ተጽፎበታል። የማን ቡድን እንደጻፈው እንኳ ከእጅ ጽሑፉ አወቅሁ።

አሁን እውነቱን መናገር ነበር። «የኔ ተማሪዎች ናቸው፣ የሒሳብ ተግባር ነው» ማለት። ስድስት ቃል። ግን ሃያ ሰው አፍጥጦብኛል።

«እ... እኔ እንጃ ጋሽ ተፈራ። ልጆች ይሆናሉ» አልኩ።

«ልጆችስ ልጆች ናቸው። ባጅ ያደረጉ ልጆች ናቸው!»

ባጅ! እኔ ባጅ አድርጉ አላልኩም። በኋላ እንደሰማሁት የሜሮን ሐሳብ ነው፤ «ፕሮፌሽናል እንድንመስል» ብላ ከካርቶን ቆርጣ ለአርባ ስምንቱም አድላለች።

ሰፈሩ በሁለት ተከፍሏል። አንደኛው ወገን «ምልክት የተደረገበት ሊፈርስ ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «የለም፣ ምልክት የተደረገበትማ ተመዘገበ ማለት ነው፣ ምትክ ያገኛል፤ መዓቱ ላልተመዘገበው ነው» ይላል። የተፈተገው በር ባለቤት ሁለተኛውን ወሬ ስትሰማ መፈተጉን አቆመች። ግማሽ ክብ ቀርቷል። ታብስ ወይ ትተወው ጨነቃት። እኔም ከእሷ እኩል ጨነቀኝና አንገቴን ቀብሬ ወደ ግቢያችን ሹልክ አልኩ።

እትዬ አስካለ በራቸው ላይ ቆመዋል። እጃቸው ወገባቸው ላይ ነው።

«እንደምን ዋሉ እትዬ አስካለ?»

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«ዛሬ ደግሞ... ብርዱ...»

«ለምን ዘለልከኝ?» አሉኝ።

«ማለቴ... ምኑን?»

«አራት ልጆች መጡ። እዚያች በር ላይ ያለችው ጋ ገቡ፣ ጻፉ፣ ሳቁ፣ ዳቦ በሉ። እኔ እዚህ ቆሜ ወንበር አውጥቼ እጠብቃለሁ። በፊቴ አለፉ። ‹ልጆች፣ እኔንስ?› ብላቸው አንዷ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹ይቅርታ እማማ፣ ቲቸር ዝለሉ ብሎናል።› የትኛው ቲቸር ብላቸው ስምህን ጠሩልኝ። የኔው ቲቸር! ጎረሰ ብዬ የምደሰትበት ቲቸር!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እዚያም ኪራይ ይኖር ይሆን ብዬ ሳልጨነቅ የምገባ ይመስለኛል። ስለ ናሙና ማስረዳት ጀመርኩ። ሁሉንም መጠየቅ እንደማያስፈልግ፣ ጥቂቶቹ ሁሉንም እንደሚወክሉ፣ እትዬ ብርቄ የተጠየቁት ግቢውን ወክለው እንደሆነ...

ይቺን ቃል ባልተናገርኩ።

«እሷ?» አሉ፤ ድምፃቸው ወረደ፤ ሲወርድ ነው የሚያስፈራው። «እኔን? እሷ እኔን ትወክለኛለች?»

«በሒሳብ አነጋገር ነው እትዬ...»

«ስማ ልጄ። እህቴ ካዛንቺስ ስትኖር መዝጋቢዎች የመጡ ዕለት ለቅሶ ሄዳ ነበር። ‹ጎረቤት ይናገርላታል› ብለው ዘለሏት። ጎረቤት ተናገረ? አልተናገረም። በሕይወት ያለች ሴት ‹አለሁ› ብላ ለማስረዳት ስንት ደጅ ጠናች! አሁን ሰንጋ ተራ ልጇ ጋ ተጠግታ ነው ያለችው። እና አንተ ‹በሷ በኩል አሉ› ትለኛለህ። እኔ በማንም በኩል የለሁም። እኔ እዚህ ነኝ፤ ቆሜ!»

ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ የመሰለኝ ኩራታቸው ተነክቶ ነው። ለካ ፈርተው ነው። ፍርሃት ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ግን በሰው ፊት ላይ ሳየው አላወቅሁትም።

«እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ቤት ፈልግ» አሉና በሩን ዘጉት።

ያን ዕለት የበላሁትን አላውቀውም። በማግስቱ ጠዋት ስወጣ ደግሞ ጉድ ፈልቶ ጠበቀኝ። የመጀመሪያው ወገን ወሬ የደረሳቸው ምልክታቸውን አጥፍተዋል። የሁለተኛው ወሬ የደረሳቸው ደግሞ፣ ልጆቼ የዘለሏቸው ማለት ነው፣ ራሳቸው ምልክት አድርገዋል። በከሰል ያደረገ አለ። በጥፍር ቀለም ያደረገ አለ። አንዱ ጥንቃቄ ያበዛ ሰው «1» በቂ አይደለም ብሎ «100» ጽፏል። እያዘለልኩ ያስመረጥኩት ሳምፕል በአንድ ሌሊት ተገልብጦ አደረ። ጀሪካኗ ግን እንደወትሮው ሞልታ ደጃፌ ላይ ነበረች። ተጣልተውም ውሃ አልከለከሉኝም ብዬ ልቤ ተነካ፤ ከዚያ ያለፈ አላሰብኩም።

ክፍል ውስጥ ውጤቱን ሰበሰብን። አራት፣ አራት፣ አምስት፣ አራት፣ አራት... አሥራ ሁለቱም ቤት ተመሳሳይ። አማካዩ «በሳምንት አራት ቀን» ሆነ። ንጹሕ ውጤት ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለዳይሬክተሩ እወስድለት ነበር። የሜሮን ጣት ወጣች።

«ቲቸር፣ አሥራ ሁለቱም ቤቶች እኮ...»

«ሜሮን፣ ነይ እስቲ ወደዚህ» ብዬ ጥግ ወሰድኳት። ምን ልትል እንደነበር አልሰማሁም፤ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለችው ክፍሌ ብቻ ናት። «አንድ ቤት ብንጨምርስ? ለምሳሌ... የኔን አከራይ። ቶሎ ጠይቀሽ፣ ምልክት አድርገሽላቸው...»

አየችኝ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እንዲህ ታያለች አልልም ነበር።

«ቲቸር፣ እሱ ባያስ ነው። ራስህ ነህ ያስጻፍከን፤ ‹ለራሳችን የሚመቸንን መርጠን ከጨመርን ውጤቱ ይበላሻል›። ከሥሩም አስምሩ ብለኸናል።»

አስምሩ ብያቸዋለሁ። የተናገርኩትን የሚሰማ ተማሪ አንድ ቀን እንደሚያጋጥመኝ መጠርጠር ነበረብኝ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ማን ሞተ? አልኩና ጆሮዬን አቆምኩ። ለፋፊው በቅያሱ መሀል እየሄደ «እድርተኛ ሁሉ! ነገ ሦስት ሰዓት፣ የቀዩን ምልክት ጉዳይ ለመስማት በእድሩ ቤት እንድትገኙ! መምህሩም እንዲገኝ!» አለ። እንግዲህ የሞትኩት እኔ ነኝ። በጥሩምባ ተለፍፎ የራሱን ቀብር የሰማ ሰው ብዙ ያለ አይመስለኝም።

ቅዳሜ የእድሩ ቤት ሞልቶ ሰው በር ላይ ቆሟል። ከፊት ጋሽ ተፈራ፤ በግራ በኩል እትዬ ብርቄ፤ በቀኝ በኩል፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ እትዬ አስካለ። ሜሮንም ከእናቷ ጋር መጥታለች፤ ባጇን አድርጋለች።

ተነሳሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ልጆቹን የላክሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ተፈራ፣ ያን ዕለት ‹እኔ እንጃ› ያልኩዎት ዋሽቼ ነው። ቤት የሚያፈርስም ቤት የሚሰጥም የለም። ጠመኔው ቀይ የሆነው ነጩ አልቆ ነው። በቃ ይኸው ነው።»

መጀመሪያ ጉርምርምታ፣ ቀጥሎ ሳቅ። ሳቁ የመጣው በራቸውን ካልፈተጉት ነው። የፈተገችው ሴት «የሦስት ቀን ውሃዬን!» ብላ ጮኸች።

«ታዲያ» አሉ ጋሽ ተፈራ፣ «የውሃን ነገር ማወቅ ከፈለግክ ለምን ሁላችንንም አልጠየቅከንም?»

አመለጥኩ አልኩ በልቤ፤ ይሄ የምችለው ጥያቄ ነው። የወጡን ምሳሌ አወጣሁ። ድስቱን፣ መዳፉን፣ ጠብታዋን። «አንዲት ጠብታ ድስቱን በሙሉ ትነግረናለች» ብዬ ሳበቃ እትዬ አስካለ ከግድግዳው ዞሩ።

«አትነግርም!» አሉ።

ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

«እኔ ስንት ድስት ሠርቻለሁ! ጨው ታች ይቀመጣል፣ ቅቤ ላይ ይንሳፈፋል። ካላማሰልክ፣ ከጥግ የቀመስከው ጥጉን ነው የሚነግርህ። በአንዲት ጠብታ ድስት ሙሉ ወጥ ስም እንዴት እንደሚጠፋ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አለ?» እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አንተም ያደረግከው እሱን ነው። በዚህ ቅያስ አሥራ ሁለት ግቢ አለ፣ በየግቢው አምስት አምስት ቤት። ልጆችህ አንዱን ይዘው አራት አራት ሲዘሉ የገቡት የት ነው? ሁልጊዜ በሩ ላይ ያለው ቤት! ቧንቧው የሚገባው በበሩ ነው። ውሃው ደካማ ነው፤ የፊተኛውን ቤት አዳርሶ ይደክመዋል። ከኋላ ያለነው ጋ አይደርስም። ከጥግ ቀምሰህ ‹አራት ቀን› ትላለህ!»

«ቲቸር፣ እኔም እኮ እሱን ልነግርህ ነበር!» አለች ሜሮን ከኋላ። «ካልተማሰለስ ብዬህ ነበር!»

ምን ልበል? ስታቲስቲክስ አራት ዓመት ተምሬ ዲግሪ ተቀብያለሁ። በየቀኑ በዚያ በር ስገባና ስወጣ ሦስት ዓመት ሞላኝ። አንድም ቀን ከበሩ ጀምሮ ቤቶቹን ቆጥሬ አላውቅም።

ሜሮን እስክሪብቶዋን አውጥታ ሰው መሀል እየተሹለከለከች እትዬ አስካለ ፊት ቆመች። «እማማ፣ አሁን ልጠይቅዎት? በሳምንት ስንት ቀን ውሃ ይመጣልዎታል?»

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱ። ለፎቶ የሚቀመጥ ሰው ይመስላሉ። ሳምንቱን ሙሉ የጠበቋት ጥያቄ መጣች።

«ለማን?» አሉ።

«ለቤትዎ።»

«ቤቴ ሁለት ነው። ከኋላ ላለው ለአስተማሪያችሁ ሰባት ቀን ይመጣል። ለእኔ አንድ ቀን። ሁለቱንም ጻፊ።»

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ቢጫዋ ጀሪካን መጣችብኝ። ሦስት ዓመት፣ በየማለዳው፣ ሞልታ። ከጸቡ ወዲህ እትዬ አስካለ ከእትዬ ብርቄ ቧንቧ አይቀዱም። ታዲያ ከየት ነው የሚመጣው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ከሰንጋ ተራ ነው፤ ሌላ የሚቀዱበት የላቸውም። እህታቸው ከተጠጉበት ቤት፣ እኔ ተኝቼ እያለሁ፣ አንድ በአንድ ተሸክመው። በዚህች ከተማ የማልጨነቅበት አንድ ነገር የኖረኝ፣ ሌላ ሰው ስለ እኔ ተጨንቆልኝ ነው። ያ ሲገባኝ እዚያው ሰው ፊት እንባዬ መጣ፤ ጋሽ ተፈራ ጉንፋን መስሏቸው ሶፍት አቀበሉኝ።

ስለ ቤቱ አላነሳሁም። በምን አፌ?

በማግስቱ እሑድ ገና ወገግ ሳይል ተነሳሁ። እትዬ አስካለ ሳይወጡ ሦስቱን ጀሪካኖች ሰበሰብኩና ሄጄ እትዬ ብርቄ ቧንቧ ላይ ቆምኩ። አምስት ሰው ወረፋ ላይ ነበር። ሰዉ ጀሪካኖቹን አወቃቸው፤ ወሬ ቀጥ አለ። እትዬ ብርቄ ወጡ።

«የማን ነው ይሄ?» አሉ፣ እያወቁ።

«የእትዬ አስካለ።»

«እሷ እግር የላትም?»

«ወክያቸው ነው የመጣሁት።» ድምፄ እንደ ሰባተኛ ክፍል ልጅ ቀጠነ።

እትዬ ብርቄ ጀሪካኑን ተቀበሉኝና ራሳቸው ቧንቧው ሥር አስቀመጡት። ውሃው በቀጭኑ ይወርዳል። ሁለተኛው ጀሪካን ሊሞላ ሲል ወደ እኔ ሳያዩ፣

«መወከሉን ካወቅክበት እኔንም ወክለህ ንገራት» አሉ። «ያን ዕለት ሳላማስል ነው የቀመስኩት በላት።»

ሁለቱን ጀሪካን እንዴት እንደተሸከምኳቸው አላውቅም፤ ግማሹን ጫማዬ ላይ ደፍቼዋለሁ። እትዬ አስካለ በራቸው ላይ ቆመው ጀሪካን ይፈልጋሉ። መልእክቱን ቃል በቃል ነገርኳቸው። ፊታቸው ላይ አራት ዓመት ሲያልፍ አየሁ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ሊያለቅሱ ነው ብዬ ደነገጥኩ።

«ስትናገር ማን ሰማ?» አሉኝ።

«ወረፋ ላይ የነበሩት። አምስት ሰዎች።»

«አምስት!» አሉ፤ እጃቸው ወገባቸው ላይ ወጣ። «ስሜን ስታጠፋ ድንኳን ሙሉ ሰው ነበረ! ይቅርታው ለሳምፕል ነው?»

ግን እየሳቁ ነበር። እየሳቁ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። እኔ ደግሞ፣ ይህ ልብ ዝም አይልም፣ ያው የጨነቀኝን አወጣሁት።

«እትዬ... ቤት ፍለጋውስ?»

«የምን ቤት?» አሉኝ። «ሂድ አምጣ፤ ገና አንድ ጀሪካን ይቀርሃል።»